የቅኝ ገዢዎች «የተከለለ ደን» ምንድን ነው?

በእንግሊዝ ትገዛ በነበረችው ህንድ «የተከለለ ደን» የሚባለው መንግሥት የኔ ነው ብሎ ያወጀው ጫካ ነው። ያለ ፈቃድ ማገዶ መልቀም፣ ከብት ማሰማራት፣ ቅጠል መቁረጥ ያስቀጣል። ሲሰሙት ዛፍ ለማዳን የወጣ ሕግ ይመስላል። ታሪኩ ግን ወዲህ ነው።

የመጀመሪያው የመንገደኞች ባቡር ከቦምቤይ ወደ ታኔ የሄደው በ1853 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለአንድ ማይል ሐዲድ ወደ 2,000 የሚጠጉ አግዳሚ እንጨቶች ይነጠፋሉ። ምስጡንም ዝናቡንም የሚችሉት ደግሞ ቲክ፣ ሳልና ዴዎዳር ናቸው። እነዚህ ዛፎች እየተመረጡ ተጨፈጨፉ። ጫካው ሲሳሳ መንግሥት ደነገጠና በ1864 ጀርመናዊውን ዲትሪሽ ብራንዲስን የደን ዋና ኃላፊ አድርጎ ሾመ።

ነገሩ የለየለት በ1878ቱ የደን ሕግ ነው። ጫካ ሊከለል ሲል አዋጅ ይነገራል፤ መብት አለኝ ለሚል ቢያንስ የሦስት ወር ጊዜ ይሰጠዋል። በጊዜው ካልቀረበ መብቱ ቀረ። በደቡብ ህንድ የማድራስ ግዛት ሹማምንት እንኳ፣ እነሱም እንግሊዞች ሆነው፣ ሐሳቡን ተቃውመውት ነበር። ጫካውን ያራቆተው የባቡሩ መጥረቢያ ሆኖ ሳለ፣ ጥፋቱ የተላከከው በእረኛውና በማገዶ ለቃሚዋ ላይ ነው። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግባል።

ሂማላያ ውስጥ ያለውን ኩማዎንን እንይ። የገጠሩ ሰው ባንጅ የሚባለውን የኦክ ዛፍ ይወዳል። ቅጠሉ ለከብት መኖ፣ ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። የደን መሥሪያ ቤቱ የሚፈልገው ግን ቺር የተባለውን ፓይን ነው፤ ጣውላና ሙጫ ይሸጥበታል። ፓይን ሥር ደግሞ ገበሬው በየዓመቱ ሣሩን ያቃጥል ነበር፣ ለከብቱ አዲስ ሣር እንዲበቅልለት። ይህንንም ተከለከለ። በ1921 ሕዝቡ ተነሣና በፓይኑ ደን ላይ እሳት ለቀቀበት። ልብ በሉ፣ የኦክ ጫካውም በመንግሥት እጅ ነበር፤ እሱን ግን በአብዛኛው አልነኩትም። የትኛው ዛፍ እንደሚያኖራቸው ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

ከዚያ በኋላ፣ በ1931፣ የኩማዎን መንደሮች በራሳቸው ምክር ቤት ደን እንዲያስተዳድሩ ተፈቀደላቸው። ነፃዪቱ ህንድ በጫካ ነዋሪዎች ላይ «ታሪካዊ በደል» መፈጸሙን በሕግ መግቢያ ላይ ያመነችው በ2006 ነው። ክልከላው ግን አልተሻረም። የ1878ቱን የተካው የ1927ቱ የቅኝ ግዛት ሕግ አሁንም ይሠራል።