የአናሙዲዋ ብርቱካናማ እንቁራሪት

ራኦርኬስቴስ ሬስፕሌንደንስ በደቡብ ሕንድ፣ በኬረላ ግዛት ከፍተኛ ተራሮች ላይ የምትኖር ትንሽ እንቁራሪት ናት። ወገኗ ከቁጥቋጦ እንቁራሪቶች ነው። ተመራማሪዎች ስም ሰጥተው የመዘገቧት በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ የተገኘችው በአናሙዲ ተራራ አናት፣ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ቦታ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአቅራቢያው ባሉ ሌሎች ከፍታዎችም ታይታለች። ያም ሆኖ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ ነች።

መልኳ ዓይን ይስባል። ቀላ ያለ ብርቱካናማ ናት፤ ቆዳዋ ላይ ጉብ ጉብ ያሉ ዕጢዎች አሏት። እግሮቿ በጣም አጫጭር ናቸው። ብዙዎቹ ዘመዶቿ ቅጠልና ቅርንጫፍ ላይ ሲወጡ እሷ መሬት ለመሬት ትሄዳለች።

በጣም የሚገርመኝ አረባቧ ነው። ለመራባት ኩሬም ወንዝም አትፈልግም። እንቁላሏን የምትጥለው በሣሩ መሃል ከሚበቅል አጭር ቀርከሃ ግርጌ ነው። ልጆቿ ባለ ጅራት እጭ ሆነው ውኃ ውስጥ አይዋኙም። ዕድገታቸውን እዚያው እንቁላሉ ውስጥ ይጨርሱና ትንንሽ እንቁራሪት ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ የቀርከሃው ሥር እርጥበት ለእሷ የሕይወት ጉዳይ ነው። ዝናብ ከቀረ ወይም ሣሩ ከተቃጠለ እንቁላሉ ይደርቃል።

አናሙዲ 2,695 ሜትር ከፍታ አለው፤ በደቡብ ሕንድ የሚበልጠው የለም። አናቱ ሣር ለበስ ሲሆን በሸለቆዎቹ ውስጥ ጥቅጥቅ ያለ ደን አለ። ከግርጌው፣ በሙናር ከተማ ዙሪያ፣ ኮረብታዎቹ በሻይ ተክል ተሸፍነዋል። አናቱ ከዚህ የተረፈው ኒልጊሪ ታር በሚባል የዱር ፍየል ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። እሱን ለመጠበቅ ሲባል አካባቢው በ1975 ጥብቅ ስፍራ፣ በ1978 ደግሞ የኤራቪኩላም ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ፓርኩ 97 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ለፍየሉ የተደረገው ጥበቃ ያኔ ማንም ያላወቃትን እንቁራሪትም አተረፈ። አንድን እንስሳ ከነመኖሪያው መጠበቅ ስንቱን እንደሚያድን ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ሙቀትን ግን የፓርክ ወሰን አያግደውም። የአየር ንብረቱ እየሞቀ ሲሄድ ቆላ ያለ እንስሳ ወደ ደጋ ሊሸሽ ይችላል፤ እሷ ግን ያለችው አናቱ ላይ ነው። በቅርብ መከላከል የሚቻለው የሰደድ እሳትን ነው። በፓርኩ ውስጥ የሚኖሩት የሙቱቫን ማኅበረሰብ ሰዎች ከጥበቃ ሠራተኞቹ ጋር ሆነው ሣሩን ከእሳት ይከላከላሉ። ጎብኚም የሚገባው በራጃማላይ በኩል ባለው የተወሰነ ክፍል ብቻ ነው።