«የተማከለ ሶሻል ዴሞክራሲ» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ስለ ሰፋፊ አገሮች ሲናገር ሁለት ነገሮችን እንደ ባላንጣ ፊት ለፊት አቆማቸው፦ በአንድ በኩል «የተማከለ ሶሻል ዴሞክራሲ» (መንግሥት ትምህርትን፣ ሕክምናንና ጡረታን በግብር ለሁሉም ዜጋ የሚያዳርስበት፣ ሁሉም ከማዕከል የሚመራበት ሥርዓት)፣ በሌላ በኩል «የአካባቢ አስተዳደር»። ሕዝቡ ብዙ፣ ቋንቋውና እምነቱም የተለያየ አገር ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለበት አለ። ለመጀመሪያው ስዊድንን በምሳሌነት ጠርቶ፣ እነሱ ጥቂትና አንድ ዓይነት ሕዝብ ስለሆኑ ሁሉንም ነገር ከዋና ከተማቸው ያዳርሳሉ ብሎ አለፈ። ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ትቻለሁ። ሥራዬ የመንግሥት ገቢና ወጪ በየአስተዳደር እርከኑ እንዴት እንደሚከፋፈል ማጥናት ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የአንድ ስዊድናዊ ሠራተኛ የደመወዝ ወረቀት ላይ እንጀምር። መካከለኛ ደመወዝ የሚያገኝ ሰው ከገቢው ላይ የሚቆረጥበት የአካባቢ ገቢ ግብር መጣኔ በአማካይ 32 በመቶ ገደማ ነው። ገንዘቡ የሚገባው ለሚኖርበት ማዘጋጃ ቤትና ለክልሉ ሲሆን መጣኔውንም የሚወስኑት በነዋሪው የተመረጡት የእነዚሁ ምክር ቤቶች ናቸው። ማዕከላዊው መንግሥት የራሱን 20 በመቶ የሚጠይቀው ደመወዙ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ብቻ ነው፤ አብዛኛው ሠራተኛ እዚያ አይደርስም። ትምህርት ቤቱንና የአረጋውያን እንክብካቤውን 290 ማዘጋጃ ቤቶች፣ ሆስፒታሉን 21 ክልሎች ያስተዳድራሉ። የአካባቢ ራስን ማስተዳደር ድንጋጌው የወጣው በ1862 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)፤ የሶሻል ዴሞክራቶቹ ፓርቲ ከመመሥረቱ 27 ዓመት ቀድሞ። ፓርቲው ሥልጣን ሲይዝ ያገኘው የቆየ የአካባቢ መንግሥት ነበር፤ አላፈረሰውም፤ ተገለገለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው አሃዳዊ መንግሥትን ከተማከለ መንግሥት ጋር ነው። ስዊድን አሃዳዊ ናት፤ ፌዴራሊዝም የላትም። ይሁን እንጂ ከብዙ ፌዴሬሽኖች በላይ ያልተማከለች ናት። ደግሞም አላጋንን፦ ተጨማሪ እሴት ታክሱ፣ የአሠሪዎች መዋጮው፣ የጡረታና የሕመም ዋስትናው የሚሰበሰበውና የሚከፈለው በአገር ደረጃ ነው። ለሰው በእጁ የሚሰጥ ገንዘብ ከማዕከል፣ ሰው ለሰው የሚሰጠው አገልግሎት ከአካባቢ። ቃሉን በትክክል መጠቀም የሚፈልግ ሰው መያዝ ያለበት ይህንን ክፍፍል ነው። ሶሻል ዴሞክራሲ የሚመልሰው ለእያንዳንዱ ዜጋ ምን ይገባዋል፣ የእርጅናንና የበሽታን ሸክም እነማን አብረው ይሸከሙ የሚለውን ጥያቄ ነው። ማዕከላዊነት ደግሞ ውሳኔው በማን እጅ ነው የሚለውን። አንዱ የሌላው ተቃራኒ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ነገሩን በሽመና ላስረዳ። ሸማኔ መጀመሪያ ድሩን ይወጥራል። ድር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ የሚሄድ፣ ውጥረቱም እኩል መሆን ያለበት ክር ነው። ማጉን ከዚያ በኋላ በመወርወሪያ ወዲያና ወዲህ እያሳለፈ ይመታዋል፤ ቀለሙንና ጥለቱን የሚለዋውጠው በማጉ ነው። አገር አቀፍ መብት፣ ጡረታ፣ ከሀብታም አካባቢ ወደ ድሃው የሚሄድ ድጎማ ድር ናቸው። ትምህርቱ በምን ቋንቋ ይሰጥ፣ ክሊኒኩ የት ይከፈት፣ አዛውንቱን ቤቱ ድረስ ሄዶ ማን ይርዳው የሚለው ማግ ነው። ድሩ አንድ ቦታ ላይ ከላላ ጨርቁ የሚጨማደደው እዚያው ቦታ ነው፤ ማጉ የቱንም ያህል ቢያምር አያቃናውም። ከልክ በላይ ከተወጠረ ደግሞ ይበጠሳል፤ ማዕከሉ የእያንዳንዱን ክፍል ሰሌዳና የእያንዳንዱን ሆስፒታል አልጋ ቁጥር ልወስን ሲል የሚሆነው ይኸው ነው። ብዝኀነት ያለበት አገር ጥለቱ ብዙ ነው፤ ጥለት በበዛ ቁጥር ደግሞ ድሩ ይበልጥ ጠንካራ መሆን አለበት እንጂ መቅረት የለበትም። ምሳሌው የማይደርስበትም ቦታ አለ፦ ክር አይከራከርም፤ ክልሎች ግን በድጎማ ቀመር ላይ ይከራከራሉ፣ ፍርድ ቤትም ይሄዳሉ።

«ሰፊና ድብልቅ አገር አይችለውም» ለሚለው ብራዚልን ላንሳ፤ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሕዝብና ከ5,500 በላይ ማዘጋጃ ቤቶች ያሏት አገር ናት። በ2003 በተጀመረው ቦልሳ ፋሚሊያ በተባለው የድሃ ቤተሰቦች ድጋፍ አንዲት እናት የምትመዘገበው በማዘጋጃ ቤቷ ነው። ስንት ልጅ እንዳላት፣ ቤቱ ውስጥ ምን ገቢ እንዳለ የሚጠይቃት፣ መዝገቡንም የሚያድሰው የከተማው ሠራተኛ ነው። ገንዘቡ ግን በማዘጋጃ ቤቱ ሒሳብ በኩል አያልፍም፤ ከፌዴራል ባንክ በቀጥታ በስሟ በወጣው ካርድ ይገባላታል። ከንቲባው ያውቃታል፤ ገንዘቧን ግን አይነካም። ማን ይወስናል፣ ማን ይከፍላል፣ ማን ይሠራል የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች እዚህ ሦስት የተለያየ መልስ አላቸው። «የተማከለ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ በአንድ ቃል መጠየቅ ስለዚህ ሥርዓት ምንም አይነግረንም።

ካናዳ ደግሞ ማኅበራዊ ዋስትና ከማዕከል ብቻ ይመጣል የሚለውን የተንታኙን አስተሳሰብ ትገለብጠዋለች። ዛሬ የአገሪቱ መለያ የሆነው የጤና ዋስትና የተጀመረው በፌዴራል መንግሥቱ አይደለም፤ ሳስካቹዋን በምትባል የእህል አምራች ክፍለ ሀገር ነው። በቶሚ ዳግላስ የሚመራው የክፍለ ሀገሩ መንግሥት በ1947 የሆስፒታል ዋስትና ጀመረ። በ1962 የሐኪም ክፍያ ሲጨመርበት ሐኪሞቹ 23 ቀን ሥራ አቆሙ፤ ዕቅዱ ግን ጸና። ፌዴራል መንግሥቱ ወጪ ለመጋራት ሕግ ያወጣው በ1957 ለሆስፒታል፣ በ1966 ለሐኪም ነው፤ የ1984ቱ ሕግ ደግሞ ድጎማውን በአምስት ሁኔታዎች አሰረው፤ ከእነዚህም አንዱ ዜጋ ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር ሲሄድ ዋስትናው አብሮት እንዲሄድ ነው። በቋንቋዋ ከሌሎቹ የምትለየው ፈረንሳይኛ ተናጋሪዋ ኪቤክስ? የራሷ ጡረታ አላት፤ በ1997 በቀን 5 ዶላር የሚከፈልበት የሕፃናት ማቆያ የጀመረችውም ራሷ ናት። ልዩነቷ ማኅበራዊ ዋስትናን አላጠበበባትም፤ በብዙ ነገር ቀዳሚ አደረጋት።

ይህን ስል «ሁሉም ወደ ታች ይውረድ» የሚሉትንም እየደገፍኩ አይደለም። የአሜሪካ የ1935ቱ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ የእርጅና ኢንሹራንሱን ከእርሻና ከቤት ሠራተኞች ነፈገ፤ በደቡብ እጅግ ብዙው ጥቁር ሠራተኛ የነበረው በእነዚህ ሥራዎች ላይ ነው። ለድሃ ልጆች የሚሰጠውን ድጋፍ መጠን ደግሞ ግዛቶቹ እንዲወስኑ ተወላቸው፤ አንድ ዓይነት ችግር ያለባቸው ሁለት ልጆች በተወለዱበት ግዛት ብቻ የተለያየ ዳቦ በሉ። በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የድሆችን የሕክምና ድጋፍ ማስፋት ለግዛቶች ምርጫ ነው ብሎ ሲፈርድም ያው ሆነ። ለሕዝብ መቅረብ ለሕዝብ ማዳላት ማለት አይደለም፤ የቅርቡ ሹም የቅርቡን ባለርስት ሊፈራም ይችላል።

ስለ ቁጥሮችም ማስጠንቀቅ አለብኝ። ዴንማርክ ውስጥ ከመንግሥት ወጪ ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚያልፈው በአካባቢ መንግሥታት በኩል ነው። ግን ከዚያ ውስጥ ጥቂት የማይባለው መጠኑ በአገሪቱ ሕግ የተቆረጠ ክፍያ ስለሆነ ማዘጋጃ ቤቱ ከፋይ እንጂ ወሳኝ አይደለም። ቻይና ውስጥ ከበጀት ወጪ ከአምስት አራት እጅ በላይ የሚያወጡት የአካባቢ መንግሥታት ናቸው፤ ሥልጣን ግን በአንድ ፓርቲ እጅ ነው። የወጪ ድርሻ ብቻ አይቶ «ይህ አገር ያልተማከለ ነው» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ፣ የራሳቸውን ግብር መጣኔ መወሰን ይችላሉ ወይ ብላችሁ ጠይቁት። ግዴታው ወርዶ በጀቱ ሳይወርድ የቀረበትን አካባቢ «ራሱን ያስተዳድራል» ማለትም አይቻልም።

ወደ ስዊድን ልመለስ፤ አካባቢው እንዲሁ አልበረታምና። በ1952፣ 2,500 ገደማ የነበሩት ማዘጋጃ ቤቶች ወደ 1,000 ገደማ ተጠቃለሉ። ሁለተኛው ዙር በፈቃደኝነት ተጀምሮ በ1969 በሕግ ግዴታ ሆነ፤ በ1974 ቁጥራቸው ከ300 በታች ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ ጥቂት መቶ ሰው የሚኖርበት የገጠር ማዘጋጃ የዘጠኝ ዓመት ትምህርት ቤት መሸከም አይችልም። ዋጋውም ቀላል አልነበረም፤ ብዙ መንደሮች የራሳቸውን ምክር ቤት፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የአካባቢ ተመራጮችም ወንበራቸውን አጥተዋል። ከዚያ ወዲህ የድጎማ ቀመሩ ሕፃናትና አረጋውያን ስንት እንደሆኑ፣ ሰዉ ምን ያህል ተበታትኖ እንደሚኖር እየቆጠረ፣ በሰሜን ጫፍ ያለ ድሃ ማዘጋጃ ከሀብታሙ ጋር ተቀራራቢ ትምህርት ቤት በተቀራራቢ ግብር እንዲያቆም ያግዘዋል። ቀመሩን የሚያወጣው ፓርላማው ነው። መምህሩን የሚቀጥረው ማዘጋጃ ቤቱ ነው።