የበዓል ቱርናመንት ምንድን ነው? የኮሌጅ ሆኪ ደጋፊዎችስ በየዓመቱ ለምን ይነታረኩበታል?

በአሜሪካ የኮሌጅ የበረዶ ሆኪ «የበዓል ቱርናመንት» የሚባለው ከፈረንጆች ገና ማግስት እስከ አዲስ ዓመታቸው ባሉት ጥቂት ቀናት የሚካሄድ አጭር ውድድር ነው። አራት ቡድኖች ይጠራሉ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጨዋታ ይደረጋል። በማግስቱ ተሸናፊዎቹ ለደረጃ፣ አሸናፊዎቹ ለዋንጫ ይገናኛሉ። ሁለት ቀን፣ አራት ጨዋታ፣ አንድ ዋንጫ። አለቀ።

ደጋፊው ግን እንዲህ በቀላሉ አያልቅለትም። የዓመቱ ፕሮግራም ይፋ በሆነ ማግስት ንትርኩ ይጀመራል። ቀኑ ለምን ዲሴምበር 28 ሆነ? ለምን በራሳችን ሜዳ አልሆነም? እነ እገሌ ለምን ተጠሩ? እነ እገሌስ ለምን ቀሩ? እኛ አገር ገናን በዱላና በሩር የሚጫወት ሰው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይላል። እዚያ ጌታውም ይቆጣል፣ ደጋፊውም ይቆጣል፣ አሰልጣኙም ይቆጣል።

ለምን እንደሚቆጡ ለመረዳት መጀመሪያ የዓመቱን አካሄድ ማየት ያስፈልጋል። (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የኮሌጅ ሆኪ በኦክቶበር ይጀምርና በኤፕሪል ያበቃል። ዲሴምበር አጋማሽ ላይ የሴሚስተር ፈተና ይመጣል። ተጫዋቾቹ ተማሪዎች ናቸውና ጨዋታ ይቆማል። ፈተናው ሲያልቅ ተማሪው ሻንጣውን ይዞ ወደየቤቱ ይሄዳል። ማደሪያው ባዶ ይሆናል። የኮሌጅ ሆኪ ድምቀት ደግሞ ተማሪው ነው፤ የሚጮኸው፣ የሚዘፍነው፣ ተጋጣሚን የሚያበሽቀው እሱ ነው። እሱ በሌለበት በግቢው ሜዳ መጫወት ለቲያትር ልምምድ ትኬት እንደመሸጥ ነው።

ስለዚህ መላ ተዘየደ። ተማሪው ከሌለ፣ ተመርቆ የወጣው አለ። የቀድሞ ተማሪዎች በብዛት ወደሚኖሩበት ትልቅ ከተማ ቡድኑን መውሰድ ነው። በዚያ ሳምንት ሰው ከሥራ ያርፋል፣ ልጆች ትምህርት የላቸውም፣ ቤተ ዘመድ ተሰባስቧል። ትኬት ለመሸጥ ከዚህ የተሻለ ሳምንት የለም።

ይህ መላ ከሁሉ በላይ የሠራው በሚሺጋን ግዛት ነው። ግሬት ሌክስ ኢንቪቴሽናል ይባላል፤ ደጋፊው በአጭሩ «ጂ ኤል አይ» ይለዋል። በ1965 ዲትሮይት ውስጥ ተጀመረ። አስተናጋጁ ግን የዲትሮይት ቡድን አይደለም። ሚሺጋን ቴክ ነው፤ ሆውተን የምትባል፣ ከዲትሮይት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቅ ትንሽ የሰሜን ከተማ ያለ የምህንድስና ዩኒቨርሲቲ። ሆውተን በረዶ የሚከመርባት አገር ናት። በ1904 የመጀመሪያው የፕሮፌሽናል ሆኪ ሊግ ሲመሠረት መነሻው እዚያ አካባቢ ነበር። ቴክ ራሱም ተራ ቡድን አይደለም። በአሰልጣኝ ጆን ማኪንስ ዘመን በ1962፣ በ1965 እና በ1975 የአገሪቱን ዋንጫ በልቷል።

ታዲያ የሆውተን ቡድን ዲትሮይት ምን አለው? መሐንዲሶቹ! የቴክ ምሩቃን ለመኪና ፋብሪካዎች ሊሠሩ ወደ ዲትሮይትና አካባቢዋ ይጎርፋሉ። ዓመቱን ሙሉ ቡድናቸውን በአካል አያዩትም። በገና ሰሞን ቡድኑ ራሱ ይመጣላቸዋል። ባለዥንጉርጉር ቱታው የሙዚቃ ቡድን ሳይቀር ዕረፍቱን ትቶ አብሮ ይመጣል። በዚህ ላይ የግዛቱ ሁለት ግዙፍ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሚሺጋን እና ሚሺጋን ስቴት፣ ለብዙ ዓመታት ቋሚ ተሳታፊ ነበሩ። አራተኛው እንግዳ ነው። ውድድሩ መጀመሪያ በኦሊምፒያ ስታዲየም፣ ቀጥሎ ለአሥርተ ዓመታት በጆ ሉዊስ አሬና ተካሄደ። ሚሺጋን ከ1988 እስከ 1996 ዘጠኝ ጊዜ በተከታታይ ወሰደው። ቴክ ደግሞ ከ1980 በኋላ ዋንጫውን መልሶ ለማንሳት እስከ 2012 ጠበቀ። የገዛ ድግስህ ላይ ሠላሳ ሁለት ዓመት እንግዳ ሲበላ ቆሞ ማየት! የቴክ ደጋፊ ስለ ጂ ኤል አይ ሲነሳ ለምን እንደሚንገበገብ ከዚህ ይገባል።

ለውጡ የመጣው በ2013 ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት ሚሺጋን እና ሚሺጋን ስቴት በአንድ ሊግ፣ ቴክ በሌላ ሊግ ነበሩ። ጂ ኤል አይ የሚያገናኛቸው ዋነኛ አጋጣሚ ነበር። ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ትልቅ የሆኪ ቡድን ሲያቋቁም ቢግ ቴን በሚባለው የስፖርት ማኅበር ያሉት ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን የሆኪ ሊግ መሥርተው ሄዱ። ሁለቱ ግዙፎች በዚያ ሊግ በዓመት አራት ጊዜ ይገናኛሉ። ከዚያም አልፎ ዲትሮይት ላይ ለብቻቸው የሚገጥሙበት «ዱል ኢን ዘ ዲ» የሚባል ልዩ ጨዋታ አበጁ። ልብ በሉ፤ የጂ ኤል አይ ትልቁ ሸቀጥ በዲሴምበር መጨረሻ ሚሺጋንን ከሚሺጋን ስቴት ጋር ዲትሮይት ላይ ማየት ነበር። ሸቀጡ በሌላ ሱቅ መሸጥ ጀመረ።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። በ2020 ውድድሩ አልተካሄደም። በ2021 ጨዋታዎቹ በየግቢው ሆኑ፤ የዋንጫ ሥርዓቱም ቀረ። በ2022 ሲመለስ ዲትሮይት ሳይሆን ግራንድ ራፒድስ ሄደ፤ ቫን አንደል አሬና ወደሚባለው አነስ ያለ አዳራሽ። ሚሺጋን በዚያ ዓመትም፣ በ2023ም፣ በ2024ም አልነበረም። አንዳንዱ ደጋፊ «አነስ ያለው ይሻላል፣ ቢያንስ ይሞላል» ይላል። ሌላው «ዲትሮይት ካልሆነ ምኑን ጂ ኤል አይ ሆነ?» ይላል። የሆውተን ሰው በበኩሉ የትም ይሁን የት የግዛቱን ሰሜን ከደቡብ የሚያገናኘውን የማኪናክን ድልድይ በበረዶ መሻገሩ አይቀርለትም። እኔ ዲትሮይት ይሻላል ባይ ነኝ። የቀድሞ ተማሪው ያለው እዚያ ነው፤ ውድድሩም የተፈጠረው ለእሱ ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለ ትኬትና ስለ ትዝታ ነው። ጭቅጭቁን መራር የሚያደርገው ግን ሒሳብ ነው።

አንድ ቡድን በመደበኛው የውድድር ዘመን የሚፈቀድለት 34 ጨዋታ ነው። ቢግ ቴን ውስጥ ከሆነ 24ቱ በሊጉ ይያዛሉ። የቀሩት አሥር ብቻ ናቸው፤ በእነሱ የፈለገውን ይጋብዛል፣ ወደፈለገበት ይሄዳል። አብዛኞቹ ደግሞ በኦክቶበር ያልቃሉ። በዓመቱ መጨረሻ ለአገር አቀፉ ውድድር 16 ቡድኖች ያልፋሉ። ስድስቱ የየሊጋቸው ሻምፒዮኖች ናቸው። አሥሩ በደረጃ ይገባሉ። ደረጃው የሚወጣው በቀመር ስለሆነ ደጋፊው ቤቱ ቁጭ ብሎ ማታ ማታ ራሱ ያሰላዋል። የሆኪ ደጋፊ ግማሹ የሒሳብ ሠራተኛ ነው ብል አላጋነንኩም።

በቀመሩ ውስጥ ከሊግ ውጭ ያሉ ጨዋታዎች ከቁጥራቸው በላይ ይከብዳሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሊግ ውስጥ አንዱ ሲያሸንፍ አንዱ ይሸነፋል፤ ተደምሮ ሲታይ የሊጉ ሚዛን አይነቃነቅም። አንድ ሊግ ከሌላው እንደሚሻል የሚታወቀው ቡድኖቹ ከሌሎች ሊጎች ቡድኖች ጋር ሲጋጠሙ ብቻ ነው። ከአዲስ ዓመት በኋላ ያለው ጨዋታ ደግሞ በአብዛኛው የሊግ ነው። ስለዚህ የበዓል ቱርናመንት ከውጭ ነጥብ ለመሰብሰብ ከመጨረሻዎቹ ዕድሎች አንዱ ነው። ለቴክ ዓይነቱ ቡድን አንድ ትልቅ ስም መጣል ማርች ላይ፣ 16ቱ ሲለዩ፣ ወርቅ ነው። ለትልቁ ቡድን ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቢያሸንፍ «ምን ይደንቃል» ይባላል፤ ቢሸነፍ ሽንፈቱ እስከ መጨረሻው ቀን በደረጃው ላይ ተለጥፎ ይኖራል።

የባሰው ደግሞ በዚያው ሳምንት የሚመጣው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ነው። ከ20 ዓመት በታች ላሉ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በዲሴምበር 26 ይጀምርና ጃንዋሪ 5 ገደማ ያልቃል። ምርጥ ወጣት ያለው ኮሌጅ ልጆቹን ለየአገራቸው ብሔራዊ ቡድን ይሰጣል። በ2021 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ኦወን ፓወርና ኬንት ጆንሰን ወደ ካናዳ፣ ሉክ ሂውዝ ወደ አሜሪካ ቡድን ሄዱበት። ሦስቱም በዚያው ዓመት ኤንኤችኤል (ታላቁ የሰሜን አሜሪካ ፕሮፌሽናል ሆኪ ሊግ) አዳዲስ ተጫዋቾች ሲመርጥ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ባለው ውስጥ የተመረጡ ናቸው። ፓወር በመክፈቻው ጨዋታ ሦስት ግብ አገባ። ከሦስት ቀን በኋላ ሻምፒዮናው በኮቪድ ተሰረዘና ሁሉም ተመለሱ።

እዚህ ላይ ሁለቱ ወገኖች በደንብ ይለያያሉ። የትልቁ ቡድን ደጋፊ «ኮከቦቼ በሌሉበት በደረጃ የሚቆጠር ጨዋታ ለምን እጫወታለሁ?» ይላል። ልክ ነው። የትንሹ ቡድን ደጋፊ ደግሞ «ኮከቦችህን መሰብሰቡን ስታውቅበት መዘዙንም ቻለው» ይላል። እሱም ልክ ነው። የትንንሾቹ ቡድኖች ተጫዋቾች ብዙዎቹ ኮሌጅ የሚገቡት በ20 እና በ21 ዓመታቸው ነው። ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት ዓመት የሞላቸው፣ አጥንታቸው የጠነከረ ወንዶች ናቸው። ለወጣቶች ሻምፒዮና የሚሰጡት ልጅ የላቸውም። ለእነሱ ከገና በኋላ ያለው ሳምንት ዓመቱን ሙሉ የማይገኝ ዕድል ነው።

ግዙፎቹ የሚሸሹትም ለዚህ ነው። አንዳንዱ በዚያ ሳምንት ጭራሽ አይጫወትም። አንዳንዱ ከወጣቶች ብሔራዊ ቡድን ጋር በደረጃ የማይቆጠር የወዳጅነት ጨዋታ ያደርጋል። ሌላው ቱርናመንት ይመጣል፤ ግን የፍጻሜ ሥርዓቱ ቀርቶ ተጋጣሚዎቹ አስቀድመው እንዲታወቁ ይጠይቃል። ይህ የመጨረሻው ለአዘጋጅ ይመቻል። ማን ከማን እንደሚጫወት ስለሚታወቅ ትኬት መሸጥ ቀላል ነው። ተመልካቹም ባዶ ወንበር ፊት ከሚደረገው የደረጃ ጨዋታ ይገላገላል። እኔ ግን አልወደውም። ዋንጫ ከሌለው ቱርናመንት መባሉ ለምንድን ነው? የመጀመሪያውን ቀን ያሸነፈ ሰው በማግስቱ የሚጠብቀው ነገር ሊኖር ይገባል።

የቀኑ ነገርስ? ተጫዋች ከቤተሰቡ ጋር ገናን ማሳለፍ አለበት፤ ብዙዎቹ ከምዕራብ ካናዳ የመጡ ናቸው፣ ከአውሮፓም አሉ። ስለዚህ 26 እና 27 ጥድፊያ ነው። ወደ አዲስ ዓመት ሲጠጋ ደግሞ የኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ታላላቅ ጨዋታዎች ይመጣሉ፤ ከፉትቦል ጋር ተጋፍቶ የተረፈ ሆኪ ብዙ የለም። የሚቀሩት 28፣ 29 እና 30 ናቸው። ሁሉም አዳራሽ እነዚህኑ ቀናት ይፈልጋል። የኤንኤችኤል ቡድኖች፣ የቅርጫት ኳስ፣ ኮንሰርት፣ የልጆች ትርኢት ሁሉ ይሻሟቸዋል። ደጋፊው «ለምን ማክሰኞና ረቡዕ?» ብሎ ሲቆጣ መልሱ ብዙ ጊዜ «አዳራሹ የተገኘው ያን ቀን ነው» የሚል ደረቅ መልስ ነው።

ነገሩ ከአሁን በኋላ ይከፋል እንጂ አይቀልም። በኖቬምበር 2024 የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ በካናዳ ታላላቅ የወጣቶች ሊጎች የተጫወቱ ልጆች ከቀጣዩ የውድድር ዘመን ጀምሮ ኮሌጅ እንዲጫወቱ ፈቀደ። ቀድሞ በሩ ተዘግቶባቸው ነበር። በ2025 እንደ ጋቪን መኬና ያለ ስመ ጥር ልጅ ፔን ስቴት ገባ። ምርጥ ወጣት ወደ ኮሌጅ በበዛ ቁጥር በዲሴምበር ለብሔራዊ ቡድን የሚሄደውም ይበዛል። የ2026ቱ የወጣቶች ሻምፒዮና ደግሞ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ተካሄደ፤ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሆኪ እናት ግዛት። አንድ የሚኒሶታ ደጋፊ በዚያ ሳምንት የኮሌጁን ቱርናመንት ልይ ወይስ በደጄ የመጣውን የዓለም ውድድር ቢባል የሚመርጠው ግልጽ ነው።

እኔን ቢጠይቁኝ ትልልቆቹ ይምጡ እላለሁ፤ ከነጎደሎአቸው። ቴክን በሙሉ ቡድን ማሸነፍማ ማንም ይችላል። የምሽቱ ጨዋታ ለአስተናጋጁ ይሰጥ፣ ቀኑ 28 እና 29 ይሁን፣ ለደረጃ የሚደረገው ጨዋታ ቢቀርም አልከፋም። የሚሺጋን ደጋፊ ይህን ቢሰማ «የደረጃ ሽንፈቱን አንተ ትሸከምልኛለህ?» ሊለኝ ይችላል። አልሸከምለትም።