የእንግሊዝ ገዳማት መዘጋት ምንድን ነው? የሌኮክ የሴቶች ገዳም ታሪክ

ከ1536 እስከ 1540 ባሉት ዓመታት (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በእንግሊዝና በዌልስ የነበሩትን ከ800 የሚበልጡ ገዳማት ዘግቶ ርስታቸውን ወረሰ። ብዙ ሰው ነገሩን በሰይፍና በእሳት የተፈጸመ አድርጎ ያስበዋል። አብዛኛው የተፈጸመው ግን በመዝገብና በፊርማ ነው።

በእንግሊዝ ዊልትሻየር አውራጃ የሚገኘውን የሌኮክን ገዳም እንይ። በ1229 የመሠረቱት የሳልዝበሪዋ ወይዘሮ ኤላ ናቸው፤ ባለቤታቸው ዊሊያም ሎንግስፔ ከሞቱ በኋላ ራሳቸውም እዚያው መንኩሰው የመጀመሪያዋ እመ ምኔት ሆኑ። የ1225ቱ ማግና ካርታ (የንጉሡን ሥልጣን የሚገድበው ሰነድ) አንድ ቅጂ ለዘመናት የተጠበቀው በዚሁ ገዳም ነው።

ንጉሥ ሄንሪ በ1534 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ሆነ። በ1535 የርሱ መዝጋቢዎች የየገዳሙን የመሬት ኪራይና አሥራት ቆጠሩ። በ1536 የወጣው ሕግ ዓመታዊ ገቢው ከ200 ፓውንድ በታች የሆነ ገዳም እንዲዘጋ አዘዘ። የሌኮክ የተጣራ ገቢ 168 ፓውንድ ገደማ ነበር። መርማሪዎች ገዳሙን በመልካም ሁኔታ ቢያገኙትም መለኪያው ገንዘብ ነበርና ይህ አልጠቀመውም። መነኮሳይያቱ 300 ፓውንድ ከፍለው እንዲቆዩ ተፈቀደላቸው፤ ያገኙት ግን የሁለት ዓመት ፋታ ብቻ ነው። በጥር 1539 ገዳሙን ለንጉሡ አስረከቡ። «በፈቃዳችን ሰጥተናል» የሚል ሰነድ የተፈለገው፣ የ1536ቱ ሕግ ትልልቆቹን ገዳማትና እንደ ሌኮክ እንዲቆዩ የተፈቀደላቸውን ስለማይነካ ነው። እምቢ ያለ ለሚያስረክቡት የሚሰጠውን ጡረታ ያጣል፤ አንዳንድ አበ ምኔቶችም ተሰቅለዋል። ይህን ፈቃድ ብሎ መጥራት ይከብዳል።

ከዚያ ተራው የሕንፃው ነው። ደወሉና ጣሪያውን የሚሸፍነው የእርሳስ ብረት ቀልጦ ይሸጣል። እርሳሱ የተነሣበት ቤት ዝናብ ይገባዋል፤ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ግድግዳውም ይከተላል። የሌኮክ ዕድል የተለየ የሆነው በገዛው ሰው ምክንያት ነው። ዊሊያም ሻሪንግተን በ783 ፓውንድ ገዝቶ ቤተ ክርስቲያኑን አፈረሰ፤ የመነኮሳይያቱን መኖሪያ ግን የራሱ ቤት አደረገው። ስለዚህ ዕቃ ቤቱ፣ የጉባኤ አዳራሹና በግቢው ዙሪያ የሚሄደው ባለ ቅስት መተላለፊያ ዛሬም ቆመዋል።

ከሁሉ የተጎዱት መነኮሳይያት ናቸው። ወንዶቹ መነኮሳት ቄስ ሆነው በአጥቢያ ማገልገል ይችሉ ነበር። ለሴቶቹ እንዲህ ያለ በር አልነበረም፤ የተራዋ መነኩሲት ጡረታ በዓመት ጥቂት ፓውንድ ነበር፣ በ1539 የወጣውም ሕግ የንጽሕና ስእለት የገባ ሰው እንዳያገባ ከለከለ። ብዙዎቹ ወደ ዘመዶቻቸው ቤት ከመመለስ በቀር ምርጫ አልነበራቸውም።