ስድብ ሁሉ «የጥላቻ ንግግር» ነው?

ካምፓስ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች በተጋጩ ቁጥር አንዱ «ይሄ የጥላቻ ንግግር ነው!» ማለቱ አይቀርም። በሕጉ ግን ቃሉ ከሚመስለው ጠበብ ይላል።

አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር የሚለው ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታን ወይም አካል ጉዳተኝነትን መሠረት አድርጎ፣ ሆን ተብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግርን ነው። የሚከለክለውም በብሮድካስት፣ በኅትመት ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ ማሰራጨትን ነው። «አንተ ደነዝ!» ብሎ የዶርም ጓደኛውን የተሳደበ ልጅ ባለጌ ነው፤ በዚህ አዋጅ ግን አይጠየቅም። የዩኒቨርሲቲው የዲሲፕሊን ደንብ ግን ሊጠይቀው ይችላል፤ እሱ ሌላ መንገድ ነው። «የእነ እገሌ ብሔር ልጆች ከግቢ ይውጡልን፣ ካልወጡ በሏቸው» ብሎ ቴሌግራም ላይ የለጠፈው ግን ነገሩ ከባድ ነው። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው። በዚያ ሰበብ ጥቃት ከደረሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያሳስራል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንቀጽ 6ን ነው። የትምህርት ወይም የሳይንስ ጥናት አካል የሆነ ንግግር ከክልከላው ውጪ ነው። የፖለቲካ ትችት፣ ዜና፣ ኪነ ጥበብና የሃይማኖት አስተምህሮም እንዲሁ። ስለዚህ ክፍል ውስጥ አንድን የታሪክ ምዕራፍ አንስቶ መከራከር፣ ጆሮ ቢቆረቁርም፣ አያስከስስም። መንግሥትን መተቸትም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የተጠበቀ መብት ነው። መምህሩን «ሌክቸርዎ አልገባንም» ማለትማ ምኑም ወንጀል አይደለም፤ «አንቱ» ካሉበት ጨዋነትም አለው።