የአየር ሥር ምንድን ነው? ሐረግስ በኮምቦልቻ ሳሎን ለምን ይቀጭጫል?

ቤቱ እንደ ፖቶስ፣ ሞንስቴራ ወይም ፊሎዴንድሮን ያለ የሐረግ ተክል ያለው ሰው ግንዱን ቀረብ ብሎ ቢያይ፣ ከቅጠሉ ትይዩ አንጓው ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቡናማ ጉጥ ያገኛል። ጠባሳ ወይም ተባይ ትመስላለች፤ በጥፍሩ ቆንጥሮ የሚጥላትም አለ። ጉጧ ግን ሥር ናት። እንዲህ ከአፈር በላይ፣ ከግንድ አንጓ የሚወጣ ሥር የአየር ሥር ይባላል።

ሥራው ሁለት ነው። አጭሩ መያዣ ነው፦ ከብርሃን እየሸሸ ወደ ጨለማና ወደ እርጥበት ያመራል፤ ሻካራ ነገር ሲያገኝ ይጣበቅና ግንዱን ያቅፋል። ረጅሙ መጋቢ ነው፦ እንደ ሲባጎ ቁልቁል ይወርድና አፈር ሲነካ ቅርንጫፍ አውጥቶ ውሃና ምግብ ይስባል። ሞንስቴራ ላይ ሁለቱም ለይተው ይታያሉ፤ ቤት ውስጥ ያለ ፖቶስ ላይ የሚታየው ባብዛኛው አጭሩ ነው።

የሐረጉን ቅጠል መጠን የሚወስነው በአመዛኙ ይህ ሥር የሚጨብጠው ማግኘቱና አለማግኘቱ ነው። ፖቶስ በትውልድ ቦታው፣ በፓስፊክ ውቅያኖሷ የሞሬያ ደሴት፣ ዛፍ ላይ ሲወጣ ቅጠሉ ከግማሽ ሜትር ያልፋል። ያው ተክል ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ ሲንጠለጠል ግንዱ እየቀጠነ፣ ቅጠሉም ወደ ጫፉ እያነሰ ይሄዳል። ግድግዳው ላይ ምስማር መትቶ ሐረጉን በክር ከቴሌቪዥኑ እስከ በሩ ማዞር በየሳሎኑ የተለመደ ነው፤ ያምራልም። ለተክሉ ግን ያ መውጣት አይደለም። ክሩ ግንዱን ይይዝለታል እንጂ ሥሩ በዘይት ቀለም የተቀባ ለስላሳ ግድግዳ ላይ የሚጨብጠው የለውም። ስለዚህ ስድስት ሜትር የሚረዝም፣ ቅጠሉ ግን ከመዳፍ የማይበልጥ ሐረግ ይሆናል።

ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። ከተማዋ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ቀኑ ሞቃት፣ አየሩ ደረቅ ነው፤ በተለይ ግንቦትና ሰኔ ከሰዓት በኋላ ይከብዳሉ። የአየር ሥር የሚያድገው በጫፉ ሲሆን፣ ጫፉ ደግሞ እርጥብ፣ ነጣ ያለና ስስ ነው። ጠዋት ጥቂት ይገፋል፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ አየሩ ሲደርቅ ጫፉ ቡናማ ሆኖ ይደነድናል። ይህ ለጥቂት ቀን ሲደጋገም ሥሩ ጉጥ ሆኖ ይቀራል። ተክሉ አይሞትም፤ አፈር ውስጥ ያለው ሥር ያኖረዋል። ዝም ብሎ ግን ትንሽ ሆኖ ይኖራል።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ምክር ቅጠሉን በመርጫ ውሃ እርጩ የሚል ነው። ኮምቦልቻ ላይ ከሞላ ጎደል ልፋት ነው፤ የተረጨው ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ ይተናል፣ ክፍሉም ተመልሶ ደረቅ ይሆናል። ጀበና ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውሃ ከሆነ ደግሞ ቅጠሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ጥሎ ይሄዳል። መርጠብ ያለበት ቅጠሉ ሳይሆን ሥሩ የሚነካው ነገር ነው፤ ማለትም ሐረጉ እንዲወጣበት መትከያው ውስጥ የሚቆመው ምሰሶ።

በሌላ አገር ለዚህ የሚጠቀሙት ደረቅ የረግረግ ሽበት (ስፋግነም የሚባል፣ እንደ ስፖንጅ ውሃ የሚመጥ ትንሽ የረግረግ ተክል) የታጨቀበት ምሰሶ ነው። እዚህ ያንን መፈለግ አያስፈልግም፤ የቡና ጆንያ ሥራውን ይሠራል። ጆንያው እውነተኛው የቃጫ ጆንያ መሆን አለበት፤ ማዳበሪያ የምንለው የላስቲክ ከረጢት ውሃ አይመጥም። ጨው ወይም ኬሚካል ተጭኖበት ሊሆን ስለሚችል አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማጠብ ግድ ነው። ለመሐሉ 1 ሜትር ከ20 የሆነ፣ 5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የፒቪሲ ቱቦ ይበቃል። የባሕር ዛፍ እንጨትም ይሆናል፤ ግን እርጥብ አፈር ውስጥ ያለው ክፍሉ ቶሎ ይበሰብስና አንድ ቀን ምሰሶው ከነተክሉ ይወድቃል። ቀርከሃ ብቻውን አይሆንም፤ እንደ ግድግዳው ለስላሳ ነው።

ቱቦው ግርጌ ላይ ትይዩ የሆኑ አራት ቀዳዳዎች በስቶ ሁለት የ20 ሴንቲሜትር ፌሮ ቁራጭ በመስቀል ቅርጽ ማሳለፍ እንዳይዞርና እንዳይዘም ይጠብቀዋል። ጆንያው ከሦስት እስከ አራት ዙር ጠበቅ ተደርጎ ይጠቀለላል፤ ከላዩ የቃጫ ገመድ በየ3 ሴንቲሜትሩ ይዞርበታል። ገመዱ ጌጥ አይደለም፦ ሥሩ የሚገባበት ስንጥቅ የሚፈጥረው እሱ ነው። 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ባለው መትከያ ውስጥ 20 ሴንቲሜትሩ ይቀበራል። ምሰሶው ከተክሉ በፊት ይቁም። ቀድሞ የተተከለ ተክል መሐል ምሰሶ መሸንቆር ሥር ይበጥሳል፤ ከሳምንት በኋላ ቅጠል ሲረግፍም ምክንያቱ ውሃ ማነስ ይመስላል።

አፈሩ ሁለት እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ ባቄላ የሚያካክል የከሰል ስባሪ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የከሰሉ ዱቄት ተነፍቶ ይጣላል። ዋልካ አፈር ብቻውን አይሞከርም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቅና የሚጠጣው ውሃ በስንጥቁ ተንቆርቁሮ ያመልጣል፣ ሲረጥብ ደግሞ አየር አያስገባም። የቡና አተላ ላዩ ላይ መድፋትም ይቅር። ቅርፊት ይሠራል፣ ትንንሽ ዝንብ ይፈለፍላል።

አሁን ወደ ማሰሩ። የሚታሰረው ግንዱ ነው፣ የቅጠሉ ዘንግ አይደለም። ዘንጉ ወደ ብርሃን ለመዞር ነፃ መሆን አለበት፤ ከታሰረ ቅጠሉ ተጣሞ ቢጫ ይሆናል። ጉጧ ያለችበት የአንጓው ጎን ወደ ጆንያው ይዙር፣ አንጓው ጆንያውን በደንብ ይንካ፤ በመሐላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ሥሩ ሳይደርስ ይደርቃል። አሮጌ ነጠላ ተቀዶ ቢታሰርበት ግንዱን አይቆርጥም፤ ሽቦ ይቆርጣል። ሥሩ ጆንያውን ለመጨበጥ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ማሰሪያው ሊፈታ ይችላል። የቀድሞው ትንሽ ቅጠል አይሰፋም፤ ለውጡ የሚታየው ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው አዲስ ቅጠል ጀምሮ ነው።

ውሃው ጠዋት፣ ከምሰሶው አናት ጀምሮ በዝግታ ይወርዳል። በደረቁ ወራት በየሁለት ቀኑ ግማሽ ሊትር ገደማ ይበቃል። ቀላሉ ዘዴ የሃይላንድ ፕላስቲክ ነው፦ ክዳኑን በመርፌ በስቶ፣ ዘቅዝቆ አናቱ ላይ ማሰር። ቂጡም ላይ አንድ ቀዳዳ ይበሳ፤ አለዚያ አየር ስለማይገባ ሁለት ሦስት ጠብ ብሎ ይቆማል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምሰሶውን አጠጥቶ መትከያውንም ለብቻው ሲያጠጣ ነው። የምሰሶው ውሃ መጨረሻው አፈሩ ነው። ጣት እስከ 4 ሴንቲሜትር ሲገባ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ለምሰሶው አናት አንድ ብርጭቆ ብቻ ይሰጥ፤ መትከያው አይጠጣ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ግንዱ ሥር ከለሰለሰና ከሸተተ ሥሩ እየበሰበሰ ነው፤ ደረቅ አየር ከዚህ አያድንም።

የኮምቦልቻ ቤት አንድ ጠባይ አለው፤ ቆርቆሮ ጣራ። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ በተለይ ኮርኒስ በሌለው ቤት፣ ከራስ በላይ ያለው አየር ወለሉ አጠገብ ካለው ይሞቃል፣ ይደርቃልም። ሐረግ ደግሞ የሚሄደው ወደዚያው ነው። ታች ያለው ቅጠል ለምልሞ የላይኛው ጫፍ እየጠቆረ የሚሞት ከሆነ በሽታ ከመፈለግ በፊት ጣራውን ማየት ይሻላል። ምሰሶውን ከ1 ሜትር ብዙ ሳያስረዝሙ የሐረጉን ጫፍ ቆርጦ እታች መትከል ከሙቀቱ ጋር ከመታገል ይቀላል። ቦታው በምሥራቅ መስኮት በኩል ቢሆን መልካም ነው። የምዕራቡ ፀሐይ ከ8 እስከ 11 ሰዓት በመስታወት በኩል ቅጠል ይጠብሳል። ቡና ከሚፈላበት ጥግም ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ፤ የከሰል ምድጃ ሙቀት ጫፉን ያደርቃል።

ደረቅ ሙቀት የሚጋብዘው ተባይ ቀይ ሸረሪት ነው። ዓይን አይሞላም፤ ቅጠሉ ላይ እንደ ተነሰነሰ ዱቄት ፈዛዛ ነጠብጣብ፣ የቅጠሉ ጀርባ ላይ ስስ ድር ካለ እሱ ነው። በሙቀት ጊዜ ከእንቁላል እስከ አዋቂ አንድ ሳምንት ገደማ ስለሚበቃው አንድ ጊዜ ማጠብ አይፈይድም። ለ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና፣ የቅጠሉን ጀርባ፣ በየአራት ቀኑ፣ ሦስት ጊዜ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል። አቧራውን በሳምንት አንዴ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግም ብርሃን እንዲያገኝ ይረዳዋል።

ይህንን ሁሉ እንዳለ ወደ ደሴ መውሰድ ግን አይገባም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በከፍታው ልዩነት ብቻ 4 ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች። እዚያ ችግሩ ድርቀት ሳይሆን ብርድ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ሥሩ ማደጉን ያቆማል፣ በውሃ የራሰ ጆንያም ይሻግታል። በእነዚህ ወራትና በክረምቱ ጉም ምሰሶው ይድረቅ፤ መትከያው ማታ ከመስኮቱ ይራቅ፤ የሚጠጣው ውሃም ክፍል ውስጥ ያደረ ይሁን።

የተቆረጠው ጫፍ አይጣልም። የሚቆረጠው ከአንጓው በታች 2 ሴንቲሜትር ላይ ነው፤ ያቺ ጉጥ ውሃ ውስጥ ከገባች ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ነጭ ሥር ታወጣለች። አንጓ የሌለው ቅጠል ውሃ ውስጥ ወራት ለምልሞ ሊቆይ ይችላል፣ ሐረግ ግን አይሆንም። ሲቆርጡ የሚወጣው ፈሳሽ እጅ ያሳክካል፤ ፖቶስም ሞንስቴራም ፊሎዴንድሮንም የጎደሬ ዘመዶች ናቸው፣ ጥሬ ጎደሬ አፍን የሚያሳክከው መርፌ መሰል ቅንጣት እነሱም ውስጥ አለ። ስለዚህ ቁርጥራጩ ሕፃን ወይም ድመት ከማይደርስበት ይቀመጥ፤ ለፍየልም አይሰጥ።