ካይሎማይክሮን ምንድን ነው? ስኳር በሽታና የአንጀት ኮሌስትሮል

«ቅቤ አልነካም፤ እንቁላልም ትቻለሁ። ታዲያ ይሄ ኮሌስትሮል ከየት መጣብኝ?» ደሴ ውስጥ የስኳር ክትትል ያለው ሰው የላብራቶሪ ውጤቱን ሲያይ ከሚላቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። ሁዳዴን ሙሉ በሽሮና በምስር የከረመ ሰው ቁጥሩ አልወርድ ሲለው ቢናደድ አይፈረድበትም። ቤተሰብ ደግሞ «ተደብቀህ በልተህ ይሆናል» ይላል። አብሽሩ፣ ሰውየው አልዋሸም።

ምግባችን ላይ ኮሌስትሮል ባይኖርም አንጀታችን ውስጥ አይጠፋም። ጉበት በሐሞት አድርጎ በቀን 1 ግራም ገደማ ያፈስበታል። ይህ አብዛኛው ሰው ከምግብ ከሚያገኘው ይበልጣል። በዚያ ላይ የአንጀት ግድግዳ ራሱ ኮሌስትሮል ያመርታል። አንጀት ውስጥ ከገባው ግማሽ ያህሉ ተመልሶ ይመጠጣል፤ የተረፈው በሰገራ ይወጣል።

የሚመጠጠው ዝም ብሎ አይገባም። የአንጀት ሕዋሳት ላይ ኤንፒሲ1ኤል1 የሚባል ፕሮቲን አለ፤ እሱ ያስገባል። ኤቢሲጂ5 እና ኤቢሲጂ8 የሚባሉት ጥንዶች ደግሞ የገባውን መልሰው ወደ አንጀት ይገፋሉ። ያለፈውን ኮሌስትሮል ኤምቲፒ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ከምግብ ቅባት ጋር አብሮ እንዲታሸግ ያደርጋል። ያች ታሽጋ የምትወጣ የቅባት እንክብል ናት ካይሎማይክሮን። አብዛኛው ጭነቷ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የቅባት ዓይነት ነው፤ ኮሌስትሮሉ ጥቂት ነው።

ካይሎማይክሮን ከአንጀት ወጥታ በቀጥታ ወደ ጉበት አትሄድም። በሊምፍ ቧንቧ ሽቅብ ወጥታ፣ በግራ በኩል አንገት ሥር ደም ውስጥ ትገባለች። ጡንቻና ስብ ጋ ስትደርስ ሊፖፕሮቲን ላይፔዝ የሚባል ኢንዛይም ቅባቷን ያራግፋታል። ቅሪቷን ጉበት ይሰበስባል።

ይህንን በዓይን ማየት ይቻላል። ቅባት የበዛበት ምግብ በልቶ ብዙም ሳይቆይ ደም የሰጠ ሰው፣ ደሙ ሴንትሪፊዩጅ በሚባለው የላብራቶሪ ማሽከርከሪያ ውስጥ ከተሽከረከረ በኋላ ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ ነጣ ብሎ ይደፈርሳል። ቱቦውን ፍሪጅ ውስጥ ሲያሳድሩት ነጩ ነገር ላይ ይንሳፈፋል። ካይሎማይክሮን ነው።

ስኳር በሽታ ሲመጣ ምን ይበላሻል? ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት የሚወጡ አይሱዙዎችን አስቡ። ዳገቱ ላይ መንገዱ ተዘጋግቷል፤ ታች ያሉት ጫኞች ግን መጫናቸውን አላቆሙም። እንዲያውም ብሶባቸዋል። በጤናማ ሰው ኢንሱሊን አንጀትን «ቀስ በል» ይለዋል፤ የካይሎማይክሮን ምርት ይቀንሳል። ሰውነት ኢንሱሊንን አልሰማ ሲል አንጀትም አይሰማም፣ ምርቱ ይቀጥላል። የሚያራግፈው ኢንዛይምም ኢንሱሊን ስለሚፈልግ ሥራው ይዳከማል። ቅሪቶቹ ደም ውስጥ ይቆያሉ፤ የደም ሥር ግድግዳ ውስጥም ይገባሉ። የልብና የጭንቅላት ደም ሥር መዘጋት ከሚጀምርባቸው መንገዶች አንዱ ይሄ ነው።

የስኳር ሕሙማን አንጀት ናሙና ተወስዶ ሲታይም ኤንፒሲ1ኤል1 እና ኤምቲፒ ጨምረው፣ ወደ ውጭ የሚገፉት ጥንዶች ቀንሰው ተገኝተዋል። ነገሩ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ዓይነት 1 ስኳር ባለባቸው ሰዎች ኮሌስትሮል የመምጠጡ ነገር ያይላል። ዓይነት 2 ላይ፣ በተለይ ውፍረት ካለ፣ ሰውነት የሚያመርተው ይበዛል፤ ከአንጀት የሚመጠጠው ድርሻ እንዲያውም ዝቅ ይላል። ለዚህም ይመስለኛል «እከሌን ያዳነው መድኃኒት» ለጎረቤቱ እኩል የማይሠራው።

መድኃኒቱም አንድ ዓይነት አይደለም። አቶርቫስታቲንና ዘመዶቹ፣ ስታቲን የሚባሉት፣ ምርቱን ይቀንሳሉ። ኢዜቲማይብ ደግሞ ኤንፒሲ1ኤል1ን ይዘጋል። የሚገርመው፣ ኢዜቲማይብ በ2002 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲውል በምን በኩል እንደሚሠራ ገና አልታወቀም ነበር። የኤንፒሲ1ኤል1 ሥራ የታወቀው በ2004 ነው።

የጾም ምግብስ? ሽሮው ኮሌስትሮል የለውም፤ የሚረጋው የፓልም ዘይትም የለውም። ዘይቱ ግን ቅባት ነው፤ አንጀት ካይሎማይክሮን ውስጥ ያሽገዋል። ማፍጠሪያ ላይ በዘይት ተጠብሳ የምትወጣ ሳምቡሳም እንደዚያው። አንድ ሁለቷ ምንም አይደለም፤ ሳህኑን ባዶ ማድረጉ ነው ችግሩ። ጾም ገባ ብሎ ስታቲን ማቆም ደግሞ ጭራሽ አያስኬድም፤ ጉበቱም አንጀቱም ማምረት አይጾሙም።

ውጤታችሁን ስትቀበሉ ኤልዲኤል («መጥፎው ኮሌስትሮል» የሚባለው) ላይ ብቻ አትፍጠጡ። የካይሎማይክሮን ቅሪት እዚያ ቁጥር ውስጥ በደንብ አይታይም። ከጠቅላላ ኮሌስትሮሉ ላይ ኤችዲኤሉን («ጥሩው» የሚባለውን) ቀንሱ። ጠቅላላው 210፣ ኤችዲኤሉ 40 ከሆነ 170 ይቀራል። ቅሪቶቹም ያሉት እዚህ 170 ውስጥ ነው። ለእናንተ ስንት መሆን እንዳለበት ሐኪማችሁን ጠይቁት።